ልጅ በሰኔ አይወድቅም፤ የሚወድቀው በኅዳር ነው

ርዕሰ አንቀጽ



ክረምቱ ወጣ። ጭቃው ደርቋል፣ ሜዳው አደይ ለብሷል፣ የትምህርት ቤት ደወልም ሊደወል ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ይህ ሰሌዳ የምዝገባ ማስታወቂያ፣ የደብተርና የዩኒፎርም ነገር፣ የስፖርት ውድድር ወሬ ይለጠፍበታል። ዘንድሮም ይለጠፋል። ነገር ግን ከማስታወቂያው በፊት በአንድ ጉዳይ ብንነጋገር ይሻላል ብለናል። ጉዳዩም ይህ ነው፤ የወረዳችን ልጆች ትምህርት የሚበላሸው በሰኔ የፈተና ወረቀት ላይ አይደለም። የሚበላሸው አስቀድሞ፣ በኅዳር፣ አዝመራ ሲደርስ፣ ማንም ልብ ሳይለው በሚያልፉት ሦስት አራት ሳምንታት ውስጥ ነው።

እንደሚታወቀው የዋድላና የላስታ ደጋ ሁለት ዝናብ ያለው አገር ነው። በክረምቱ ዝናብ የበቀለው የመኸር እህል በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፤ ይወቃል። በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ከጣለ ደግሞ የበልጉ ገብስ ሰኔ ላይ ይደርሳል። በልግ እንደ ድሮው አያስተማምንም፤ ዓመት ሰጥቶ ዓመት ይነሳል። ሲሰጥ ግን የክረምቱን ረኃብ የሚሰብረው እሱ ነው።

የትምህርት ዘመኑ ግን የተቀየሰው ክረምቱን ለእርሻና ለጭቃ ትቶ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። የመኸሩ አጨዳ የመጀመሪያው መንፈቅ ትምህርት በጋለበት ወራት ይገጥማል። የበልጉ አጨዳ ደግሞ ፈተናው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ ይመጣል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያጭድ አገር አንዱ ይነካው ይሆናል። እኛን ሁለቱም ይነኩናል። ልጅ በደግ ዓመት የሚበላውን የሚያገኘው ከትምህርት ቤት ሲቀር ነው ማለት ነው። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የአገሩ ጠባይ ነው። የአገሩን ጠባይ አውቆ መላ መምታት ግን የኛ ፋንታ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ እንየው። በጥቅምት ማለቂያ ልጁ ዝንጀሮና ወፍ ሊጠብቅ አንድ ሁለት ቀን ይቀራል። ኅዳር ሲገባ አጨዳ ነው፤ ከዚያ ነዶ መሰብሰብ፣ ከዚያ ክምር፣ ከዚያ በውቂያው ላይ በሬ መንዳት። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ክፍል ሲመለስ መምህሩ ክፍልፋይ ቁጥር ጨርሶ ወደ አስርዮሽ ገብቷል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ለልጁ የሌላ አገር ጽሑፍ ይሆንበታል። እንዳይጠየቅ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ እንዳይሳቅበት ዝም ይላል። ወዲያው ገና ይመጣል፤ ለልደት ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምዕመን ሲያልፍ ትልልቆቹ ልጆች አብረው ይነሳሉ። ጥር 11 ጥምቀት ነው። ጥር ማለቂያ ላይ የመንፈቁ ፈተና ይመጣል፤ ልጁ ይወድቃል። የካቲት ላይ ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀመር ልጁ ራሱ «እኔ ከብቱን ልጠብቅ» ይላል። አባትም «ልጁ ራሱ ትምህርት ጠላ፣ ምን ላድርገው?» ይላሉ።

ኧረ ልጁስ ትምህርት አልጠላም! የሚወጣበት መሰላል ሁለት መወጣጫ ወልቆበት ነው እንጂ። ሰኔ ላይ ስሙ ከአላፊዎች ዝርዝር ሲጠፋ ሰው ሁሉ ፈተናውን ያማል። ፈተናው ግን ያሳየው ኅዳር ላይ የሆነውን ነገር ብቻ ነው።

የሴት ልጅ ነገር ከዚህም ይከፋል። ለአጫጅ እንጀራ መጋገሩ፣ ጠላ መጥመቁ፣ ውኃ መቅዳቱ እሷው ላይ ነው። አጨዳው አልቆ ጎተራው ሲሞላ ደግሞ የሠርግ ወራት ይገባል። ጥር ላይ፣ ከፋሲካም በኋላ ሚያዝያ ላይ ሽማግሌ ይላካል። ከኅዳር ጀምራ በየቀኑ የምትቀር ልጅ «ትምህርቱንስ ትታው የለ» ተብላ ለሽማግሌ መልስ ትሰጥባለች። ከክፍል ያልቀረች ልጅ ግን መምህር ይጠይቅላታል፣ ጓደኛ ይጮኽላታል። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑን፣ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ያለዕድሜ ጋብቻን በእስራት እንደሚያስቀጣ ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይገባል። ሕጉን ከማስታወስ በፊት ግን ልጅቱን ክፍል ውስጥ ማቆየቱ ይቀድማል።

ይህን ሁሉ የሚያከብደው ደግሞ ያለፉት ዓመታት ነገር ነው። በመስከረም 2012 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ እንውሰድ። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ፊደሉን በቅጡ ሳይጨርስ ቤቱ ገባ። ትምህርት ቤቶች በየተራ መከፈት የጀመሩት በጥቅምት 2013 ነው። ያው ዓመት ሳያልቅ፣ ክረምቱ ላይ፣ ጦርነቱ ሰሜን ወሎን አዳረሰ። ጋሸና ግንባር ሆነች። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ልጅ የሚማርበት ጊዜ አልነበረም። በክልላችን ወንበሩ ማገዶ የሆነ፣ መጽሐፉ የተበተነ፣ ጣሪያው የተነቀለ ትምህርት ቤት ብዙ ነበር። 2015 ትንሽ ፋታ ሰጠ ሲባል፣ በነሐሴ 2015 በክልላችን ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ፤ በ2016ና በ2017 በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ።

ያ ልጅ በ2018 መስከረም 7ኛ ክፍል መግባት ነበረበት። ስንቱ ገባ? እያንዳንዳችን በየቤታችን እንቁጠረው።

በጦርነቱ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መፍረድ የዚህ ሰሌዳ ሥራ አይደለም። ለማለት የፈለግነው አንድ ነገር ነው። በሽታውን እኛ አልጠራነውም፤ ጥይቱን እኛ አናስቆመውም፤ ዝናቡንም እኛ አናዘንበውም። የኅዳሩ አጨዳ ግን በእጃችን ነው። ሌላው ሁሉ ዓመታት ከወሰደበት ልጅ ላይ፣ በሰላሙ ቀን ደግሞ እኛ አንድ ወር ልንቀማው አይገባም።

ስለ ፈተናም ወላጆች ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 በኋላ ቀርቷል። ዛሬ ልጅ የሚፈተነው በ6ኛና በ8ኛ ክፍል በክልል ደረጃ፣ በ12ኛ ክፍል ደግሞ በአገር ደረጃ ነው። የ12ኛው ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው ከ2014 ተፈታኞች አንሥቶ ነው። በመላ አገሪቱ ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ከመቶ 8.4 ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደግ ነው። ቢሆንም በ2017 እንኳ ከ100 ልጆች 91 ያህሉ አልደረሱም። በኩረጃ የሚታለፍበት ጊዜ አልፏል። ፈተናው የሚጠይቀው በአንድ ሌሊት የሚጠና ነገር ሳይሆን 12 ዓመት የተጠራቀመውን ነው። በ4ኛ ክፍል ኅዳር ላይ ያመለጠው ክፍልፋይ ቁጥር በ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ይጠየቃል።

ዋድላ ለትምህርት እንግዳ አይደለም። ቅኔ ከሚታወቅባቸው ሦስት ቤቶች፣ ከጎንጅ፣ ከዋሸራና ከዋድላ፣ አንዱ በዚሁ በአገራችን ስም ይጠራል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከሩቅ አገር እየመጣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የዋድላ እናት ቁራሽ እንጀራ ነፍጋው አታውቅም። የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ የት ነው ብላ አይደለም የሰጠችው። የቀለም ልጅ ስለሆነ ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀን ሲያርሱ ውለው ማታ በኩራዝ ፊደል የቆጠሩ አባቶችና እናቶችም ዛሬ በየሰፈሩ አሉ። እነሱ ሞፈር ሰቅለው ሲማሩ ጊዜ አላነሳቸውም። የ66ቱም፣ የ77ቱም ክፉ ቀን በወሎ ላይ ወርዶ ሲያበቃ፣ የተረፈው ሰው ልጁን መልሶ ትምህርት ቤት ልኳል። እንግዲህ ለሩቅ አገር ተማሪ እንጀራ የቆረሰ አገር፣ ከጎረቤት ቀበሌ ለመጣ ተማሪ ምን ያንሰዋል?

ስለዚህ ከዚህ የሚከተሉትን ለየድርሻችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለወላጆች። በአዝመራ ልጅ አይርዳ አንልም፤ እንዲያ ማለት የገበሬን ቤት አለማወቅ ነው። የምንለው ልጅ በሙሉ ወሩ አይጥፋ ነው። ወንፈል አለ፤ ደቦ አለ። አምስት ቤተሰብ ተጣምሮ በተራ ቢያጭድ፣ የአንዱ ልጅ የሚቀረው ሦስት ቀን ይሆናል እንጂ ሦስት ሳምንት አይሆንም። ትምህርት በፈረቃ በሚሰጥበት ቦታ ደግሞ ልጁ ግማሽ ቀን ተምሮ ግማሽ ቀን ይርዳ። ብዙ ልጅ ያላችሁ፣ ሁሌ አንዱን ልጅ ብቻ አታስቀሩ፤ ተራ ያዙ። ሴቷን ብቻ ማስቀረትማ ፈጽሞ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ዓመታት ላለፉት ልጅ። 14 ዓመት ሞልቶት 4ኛ ክፍል የሚቀመጥ ልጅ ያፍራል። ሊያፍር አይገባም፤ ዓመቱን የበላው እሱ አይደለም። በመንገድ «ይህ ጎረምሳ ከሕፃን ጋር ይማራል» ብሎ የሚያሾፍ ሰው ቢኖር አስቁሙት። እንዲህ ያለው ልጅ ትምህርት ቤት ካልተመለሰ የሚቀጥለው መንገዱ ይታወቃል፤ ወይ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ፣ ወይ በደላላ እጅ በጅቡቲ በኩል ባሕር መሻገር። ከዚያ መንገድ ያልተመለሱ የወሎ ልጆች ስንት ናቸው? ለቅሷቸውን የተቀመጥን ሰዎች ነን።

ሦስተኛ፣ ቤት ለተማሪ ለምናከራይ። ከገጠር ቀበሌዎች መጥተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች ሦስት አራት እየሆኑ በአንዲት ክፍል ይኖራሉ። ስንቃቸው በሶ፣ ሽሮና ዱቄት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቤታቸው ሄደው ተሸክመው ያመጣሉ። መስከረምና ጥቅምት ላይ የገበሬ ጎተራ ባዶ ነው። ታዲያ ኪራዩን በዚያ ወር አጥብቀን ስንጠይቅ ልጁ «ብር ላምጣ» ብሎ ይሄዳል፤ አጨዳው ይይዘዋል፤ በዚያው ይቀራል። እንግዲህ ማኅበሩ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የመስከረምና የጥቅምት ኪራይ እህል ከተወቃ በኋላ ታኅሣሥ ላይ ይከፈል፤ በዓመቱ መካከል ኪራይ አይጨመር። ደግሞም የተከራየች ልጅ የቤት ሠራተኛ አይደለችም። ኪራይ ከፍላ እየኖረች «እስቲ ውኃ ቅጂልኝ፣ እስቲ ቡና አፍዪ» ማለት ነውር ነው። «እማማ፣ ነገ ፈተና አለብኝ» ስትል «እሺ ልጄ፣ ግቢና አጥኚ» ነው መልሱ። ማታም እስክታጠና ድረስ መብራቱን አናጥፋባት።

አራተኛ፣ ለነጋዴዎችና ለንግድ ቤት ባለቤቶች። ደብተርና እስክሪብቶ እስከ ታኅሣሥ በዱቤ መስጠት የምትችሉ ብትሰጡ፣ ገበሬ ዱቤውን እንደሚከፍል ከማንም በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። ፑልና ጆተኒ የምታጫውቱ ደግሞ በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አታስገቡ። ሁለት ብር ለማግኘት ብላችሁ የጎረቤታችሁን ልጅ አትሽጡ።

አምስተኛ፣ ለመምህራንና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት። መምህራን በእግር ገጠር ወርዳችሁ፣ በአስቸጋሪ ጊዜ ሳትሸሹ ያስተማራችሁ መሆናችሁን ነዋሪው ያውቃል፤ ያመሰግናልም። የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። የክፍል ፈተና በአጨዳው ሳምንት አይደረግ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ለቀሩት ልጆች ጥቂት ቀን የማካካሻ ትምህርት ይሰጥ። በተከታታይ የቀረ ልጅ ስም በየሳምንቱ ለኅብረቱ ቢደርስ፣ የሰፈሩ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። በዕድር ስብሰባችንም ላይ ከለቅሶው ጉዳይ ቀጥሎ የቀሩ ልጆች ጉዳይ ይነሣ። ለሞተ ሰው የምንሰበሰብ ሰዎች ለሕያው ልጅ መሰብሰብ አያቅተንም።

ስድስተኛ፣ ለእናንተ ለተማሪዎች። የትምህርት ዓመቱ ደብተር ብቻ አይደለም፤ የክበብ፣ የጨዋታና የውድድርም ነው። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ጠዋት ሰልፍ ላይ ከምታነቡት ዜና ጋር «ዛሬ ከየክፍሉ ስንት ቀረ?» የሚለውንም አንብቡት። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ በክረምት የተተከለው ችግኝ በበጋው ከብት እንዳይበላው አጥር ሥሩለት፤ ችግኝም እንደ ልጅ ነው፤ ተተክሎ ከተረሳ ይደርቃል። የገና ጨዋታ በታኅሣሥ፣ የአድዋ በዓል ግጥምና ድራማ የካቲት 23፣ ጥያቄና መልስ ውድድር በየትምህርት ቤቱ መካከል በመጋቢት ቢደረግ ሁሉም ልጅን ወደ ግቢው የሚስብ ነገር ነው። ልጅ ትምህርት ቤቱን የሚወደው የሚጫወትበት ጓደኛና የሚጠራበት ክበብ ሲኖረው ነው። የላይኛው ክፍል ተማሪዎች፣ በክረምትም ከዩኒቨርሲቲ የምትመጡ፣ ለታናናሾቻችሁ ሒሳብና እንግሊዝኛ አስጠኑ። ትናንት እናንተንም ያስጠና ሰው ነበር።

አንድ ተጨማሪ ሐሳብም አለን። በሰኔ የወላጆች ቀን ሽልማት የሚሰጠው ለአንደኛ፣ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ተማሪ ነው፤ ይህ ይቀጥል። ከዚያ ጋር ግን በኅዳር ወር ተማሪ በብዛት ያልቀረበት ክፍልም በሙሉ ይሸለም። ሽልማቱ አንዳንድ ደብተር ቢሆን ይበቃል። ያን ጊዜ ልጁ ጓደኛው እንዳይቀር ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠራዋል።

አንዳንድ ሰው «ተምሮስ ምን አገኘ? ዲግሪ ይዞ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን እያየን!» ይላል። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ተምሮ ሥራ ያጣ ወጣት በየሰፈሩ አለ። ነገር ግን ወዲህ ደግሞ እዩት። የማዳበሪያ ዕዳውን ወረቀት ራሱ አንብቦ የሚፈርም ገበሬ፣ የመድኃኒቱን ልክ የምታነብ እናት፣ ደላላ ያመጣላትን ውል ሳታነብ እሺ የማትል ልጅ ሥራ ባይቀጠሩም ተምረው ጠቅሟቸዋል። መሬቱ እንደሆነ ለልጅ ልጅ እየተቆራረሰ አልቋል። ለሦስት ወንድማማች አንድ ጥማድ መሬት ከማውረስ የማይከፋፈል ነገር ማውረስ ይሻላል። ትምህርት ደግሞ ለሦስት ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ሙሉ ነው።

ውድ ነዋሪዎች፣ የምዝገባው ማስታወቂያ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጠፋል። ልጃችሁን አስመዝግቡ፤ የጎረቤታችሁንም ልጅ ጠይቁ። ስም ማስመዝገቡ ግን መጀመሪያው ብቻ ነው። በመስከረም ሁሉም ሰው ልጁን ያስመዘግባል። የሚለየን ኅዳር ላይ ነው። ነዶው ሲከመር፣ ብርዱ ሲበረታ፣ እጅ ሲያጥር፣ ልጁን ደብተሩን አስይዞ የሚልክ ቤት የሰኔን ውጤት ያን ቀን አግኝቷል።

አዝመራውን ይባርክልን፤ ሰላሙን ያውርድልን፤ መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንልን።